ለማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ? በመሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ስለሚሰጥ መብት



ዛሬ የምናገረው ስለ ሰርቨር ነው። ንግግሬ ግን በአዳራሹ ካሉት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይልቅ ለሌሎቻችሁ ነው፤ ለሒሳብ ሹሙ፣ ለሰው ሀብት ኃላፊዋ፣ ለርእሰ መምህሩ፣ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ የማኅበሩን ሰነድ ለሚይዘው ጸሐፊ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ማን ምን እንዲያይ፣ ማን ምን እንዲለውጥ፣ ማን ምን እንዲሰርዝ የሚወስነው ውሳኔ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። የባለሙያው ድርሻ ውሳኔውን በማሽኑ ላይ ማስፈር ነው። በብዙ ቦታ ግን ውሳኔውም አፈጻጸሙም ለአንድ «የአይቲ ልጅ» ተትቷል። ኃላፊው የቼክ ፈራሚዎችን ስም በቃሉ ያውቃል፤ የካዝናው ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለም ያውቃል። የሠራተኛውን ደመወዝ፣ የታካሚውን ካርድ፣ የተማሪውን ውጤት በያዘው ሰርቨር ላይ ስንት ሰው ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ይህ መለወጥ አለበት ብዬ ነው የመጣሁት።

አንድ ነገር ላስቀድም። የውጭ አገር ክስተቶችን ዓመት የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን አዋጆች ግን በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ.) ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገለገልበትን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ለዕይታ አበቁ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር በተራ የሚደረስበት ነበር፤ አንዱ ሥራውን ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። አሁን ግን የብዙ ሰዎች ፋይሎች በአንድ ማሽን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስለዚህ ለያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና የተመጠነ የመገልገያ ሰዓት ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1962፣ አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃህ አለው። የይለፍ ቃሎቹ የተመዘገቡበት ፋይል እንዲታተምለት እንደ ማንኛውም የሕትመት ጥያቄ በካርድ አስገባ፤ ማሽኑም አትሞ ሰጠው። ሸር ይህን የተናገረው ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ፣ አንደኛው የዕለቱን ሰላምታ፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን መዝገብ እያረሙ ሳለ ሁለቱ ፋይሎች ቦታ ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ በሰላምታው ፋንታ የሁሉንም ተጠቃሚ የይለፍ ቃል እያነበበ ገባ።

በሁለቱም ታሪክ በሩን የሰበረ ሰው የለም። ሸር የጠየቀው ማንም «አይፈቀድም» ያላለውን ነገር ነው። አስተዳዳሪዎቹም የነበራቸው ሥልጣን ነው ስሕተታቸውን ለሁሉም ሰው ያዳረሰው። ሰርቨር ስለ እያንዳንዳችን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው «ማን ነህ?» የሚለው ነው፤ ለዚህ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መልስ ይሆናሉ። ሁለተኛው «ይህን እንድታደርግ ተፈቅዶልሃል?» የሚለው ነው። ስለ ደኅንነት ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው። ጉዳቱ ሰፊ ወይም ጠባብ የሚሆነው ግን በሁለተኛው ነው።

በ1975 የዚያው ተቋም ሰዎች ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በኮምፒውተር ውስጥ ስላለ መረጃ ጥበቃ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም መመሪያ ሆኖ ይጠቀሳል። ካሰፈሯቸው መርሆዎች ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። ለሰውም ሆነ ለፕሮግራም የሚሰጠው ሥልጣን ለሥራው ከሚያስፈልገው ያልበለጠ ይሁን። ያልተፈቀደ ነገር ሁሉ እንደ ተከለከለ ይቆጠር። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ጥበቃው ለተጠቃሚው የማይመች ከሆነ ተጠቃሚው ዞሮ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ቀላሉም መንገድ ይሁን። ወደዚህ ሦስተኛው እመለስበታለሁ።

እነዚህ መርሆዎች በማሽን ላይ ምን ይመስላሉ? በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ዩኒክስ፣ ዛሬ የዓለምን ትልቅ ክፍል የሚያገለግለው ሊኑክስ የወረሰውን ቀላል መንገድ ዘረጋ። እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት፣ ቡድንና «ሌሎች» አሉት። ለሦስቱም ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል። በጠቅላላው ዘጠኝ ምልክት መሆኑ ነው። በቁጥር ሲጻፍ 777 የሚባለው ለሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር መፍቀድ ነው። አንድ ፕሮግራም «አልሠራም» ሲልና ኃላፊው ከባለሙያው ራስ ላይ ቆሞ ሲያጣድፍ፣ ፈጥኖ የሚገላግለው ይህ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሰዉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የተከፈተውን ተመልሶ የሚዘጋ ግን የለም። ከዓመታት በኋላ ሰርቨሩ ሲመረመር እንዲህ በጥድፊያ ተከፍተው የቀሩ ፎልደሮች በየቦታው ይገኛሉ፤ ለምን እንደ ተከፈቱ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

በመሥሪያ ቤቶቻችን በብዛት የሚገኘው የዊንዶውስ ሰርቨር ነው። እዚህ እያንዳንዱ ፎልደር «እነ እገሌ ይህን ይችላሉ» የሚል ዝርዝር ይይዛል። በኔትወርክ ለጋራ የተከፈተ ፎልደር ሲሆን ደግሞ ሁለት ዝርዝር ይኖረዋል፤ አንዱ በኔትወርክ ለሚመጣው፣ ሌላው በዲስኩ ላይ ለፋይሉ። ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ይጸናል። ከ2003ቱ የዊንዶውስ ሰርቨር በፊት በነበሩት ዓይነቶች አንድ ፎልደር ለጋራ ሲከፈት የኔትወርኩ ዝርዝር በነባሪ ለሁሉም ሰው ሙሉ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። በኋላ ማንበብ ብቻ እንዲሆን ተለወጠ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አብዛኛው ሰው የተሰጠውን እንደ ተሰጠ ስለሚተወው፣ ሳይነካ የሚቀረው አቀማመጥ ጠባብ ሊሆን ይገባል።

መብትን ለሰው በስሙ መስጠት ቀላል ይመስላል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የክፍያ ፎልደር ሲያስፈልጋት ስሟ ይጨመራል፤ ነገ የበጀት ፎልደር ስትፈልግ እዚያም ይጨመራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ግዥ ክፍል ስትዛወር ስሟ በየትኛው ፎልደር ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። አዲሱ መብት ይታከልላታል፤ አሮጌውም አብሯት ይኖራል። ረጅም ዘመን ያገለገለ ሠራተኛ በዚህ መንገድ የሠራባቸውን ክፍሎች ሁሉ ሥልጣን ተሸክሞ ይገኛል፤ ዕቃ የሚያዝዘውም ክፍያ የሚያጸድቀውም እሱ ሊሆን ይችላል። በክፍያ ሰነዶቻችን ግርጌ «ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው» የሚሉ መስመሮች ለፊርማ ተሰምረው እናያለን። ያንን የደነገጉ አባቶቻችን የገንዘብን ጠባይ ያውቁ ነበር። በወረቀት ላይ ለየብቻ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች በሰርቨሩ ላይ አንድ ሰው ሆነው ከተገኙ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥንቃቄ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ መብት ለሥራ መደቡ ይሰጥ፤ ሰው ደግሞ ወደ ሥራ መደቡ ይግባ። «የሒሳብ ክፍል አንባቢዎች»፣ «የሒሳብ ክፍል ጸሐፊዎች» የሚሉ ቡድኖች ይፈጠሩ፤ ፎልደሮቹ የሚያውቁት ቡድኖቹን ብቻ ይሁን። ሠራተኛዋ ስትዛወር ከአንዱ ቡድን ትወጣለች፣ ወደ ሌላው ትገባለች፤ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ መዞር አያስፈልግም። እዚህ ላይ ኃላፊዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በዊንዶውስ አንድ ሰው በየትኞቹ ቡድኖች እንዳለ የሚጻፍለት ወደ ሥርዓቱ ሲገባ ነው። ጠዋት ከቡድን ያወጣችሁት ሰው ማሽኑን ሳይዘጋ ከቆየ የትናንቱን መብት ይዞ ይውላል። ለመግቢያ የሚታደለው የኬርቤሮስ ቲኬት ዕድሜም በነባሪ 10 ሰዓት ነው። በብርቱ ጥርጣሬ ከሥራ የታገደ ሰው ስሙ ከዝርዝር መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ አካውንቱ ይታገድ፣ የከፈታቸው ግንኙነቶችም ይቆረጡ።

ፖሊሲ የምንለው በዚህ ላይ የሚመጣ ነው። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ግሩፕ ፖሊሲ የሚባለው መሣሪያ አንድ ጊዜ የተጻፈ ደንብ በኔትወርኩ ላሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ እንዲደርስ ያደርጋል። የይለፍ ቃል ስንት ፊደል ይሁን፤ ስክሪኑ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይቆለፍ፤ ፍላሽ ይሰካ ወይስ አይሰካ፤ ማን ፕሮግራም ይጫን። ኮምፒውተሮቹ ደንቡን በየ90 ደቂቃው ገደማ እየመጡ ያድሳሉ። ደንቡ መቶ ማሽን ላይ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ የተሳሳተ ደንብም እንዲሁ። ስለዚህ ፖሊሲ የሚለውጥ ሰው መጀመሪያ በጥቂት ማሽኖች ላይ ይሞክር፤ ምን እንደ ለወጠ፣ መቼና ለምን እንደ ለወጠ ይጻፍ።

ከፖሊሲዎች ሁሉ ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚማረርበት የይለፍ ቃል ፖሊሲ ነው። በ1979 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው 2,831ዱን፣ ማለትም 86 በመቶውን፣ በቀላሉ የሚገኙ ሆነው አገኟቸው፤ እጅግ ያጠሩ ወይም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ያሉ ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1988፣ የዚያው የሞሪስ ልጅ የለቀቀው፣ ትል የሚባል ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን አጥለቀለቀ። ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ደካማ የይለፍ ቃሎችን መገመት ነበር። ሌላው ደግሞ ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ ይቀርባል፤ በዚያ ዘመን አንዱ ማሽን ከሌላው የመጣውን ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ያምነው ነበር። አንዱን የያዘ ሌላውንም ያዘ።

ለረጅም ዓመታት መፍትሔው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የይለፍ ቃል ማስቀየር ነው ተብሎ ነበር። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰዉ የልጁን ስም ይጽፍና 1 ያክልበታል፤ ሲገደድ 2፣ ቀጥሎ 3 ያደርገዋል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ ይህን አስቀረ። ተሰርቋል የሚያሰኝ ምክንያት ከሌለ አታስቀይሩ፤ ርዝመቱን አበረታቱ፤ አዲሱን ቃል ቀድሞ ከተሰረቁ ቃሎች ዝርዝር ጋር አመሳክሩ አለ። ለእኛ ይህ እጅግ ይጠቅማል። በአማርኛ አራት አምስት ቃል ያለው፣ ለባለቤቱ ብቻ ትርጉም የሚሰጥ ሐረግ በላቲን ፊደል ተጽፎ ከየትኛውም የተወሳሰበ ስምንት ፊደል ይበልጣል። ስልክ ቁጥርና የልደት ዓመት ግን ይቅር። በዚያ ላይ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ቢታከል፣ የተሰረቀ ቃል ብቻውን በር አይከፍትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ አስተዳዳሪው ሥልጣን።

ጁን 27 ቀን 2017 የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ኮምፒውተሮች በሰዓታት ውስጥ እየጠቆሩ ሄዱ። ሜርስክ በዚያን ጊዜ የዓለምን የኮንቴይነር ጭነት አንድ አምስተኛ ገደማ ያጓጉዝ ነበር። መነሻው ዩክሬን ነበረች። ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ፣ ዩክሬን ውስጥ ግብር ለማሳወቅ የሚያገለግል የሒሳብ ፕሮግራም አለ፤ ጥቃት አድራሾች የፕሮግራሙን የማሻሻያ ሰርቨር ይዘው በማሻሻያው ውስጥ ተንኮላቸውን አስገቡ። ሜርስክ በኦዴሳ ቢሮው ይህ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር ነበረው። ለመግቢያ ይኸው በቃ።

ኖትፔትያ የተባለው ይህ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በሁለት እግር ይሄድ ነበር። አንደኛው በዊንዶውስ ላይ የተገኘ ቀዳዳ ነው፤ ማይክሮሶፍት ጥገናውን ያወጣው ከሦስት ወር በፊት በማርች ነበር፤ ጥገናውን የጫነ ሰው ከዚህኛው ይድን ነበር። ሁለተኛው ቀዳዳ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ዊንዶውስ ላይ ገብቶ ሲሠራ የመግቢያ ምስክርነቱ በማሽኑ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኖትፔትያ ያንን ለቅሞ ያወጣዋል። በዚያ ማሽን ላይ የገባው ተራ ሠራተኛ ከሆነ የሚገኘው የተራ ሠራተኛ መብት ነው። ለጥገና ብሎ በኔትወርኩ ሁሉ ላይ የሚሠራ የአስተዳዳሪ ስሙን ይዞ የገባ ባለሙያ ካለ ግን፣ ፕሮግራሙ የዚያን ባለሙያ ስም ይዞ ሌሎቹን ማሽኖች ያዝዛል። እነሱም ይታዘዛሉ፤ የታዘዙት በሚያውቁት አለቃ ነውና። ጥገናቸው የተሟላ ማሽኖች ሳይቀሩ የወደቁት በዚህ መንገድ ነው።

ከሎስ አንጀለስ እስከ ሙምባይ ከ76ቱ የኩባንያው የወደብ ጣቢያዎች 17ቱ ተጎዱ። በኒው ጀርሲ ኤልዛቤት ወደብ የጭነት መኪኖች ማን የማንን ዕቃ እንደሚያነሣ ሳይታወቅ ተሰለፉ። ኩባንያው ሥርዓቱን እንደገና ለመገንባት በእንግሊዝ ሜይደንሄድ ማዕከል ሲያቋቁም የከፋው ነገር ተገለጠ። ሜርስክ የብዙ ሰርቨሮቹ መጠባበቂያ ቅጂ ነበረው። ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባሉት፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን ሁሉ ስምና መብት መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች ግን 150 ገደማ ሆነው አንዱ የሌላው ቅጂ እንዲሆኑ ነበር የተሠሩት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካል ተብሎ ታስቧል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። ጠፉ። ማን ማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ከሌለ ደግሞ የዳነው ውሂብ ሁሉ ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ነው።

በመጨረሻ አንድ ቅጂ ተገኘ። ጋና ነበር። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶ ያ ማሽን ከኔትወርኩ ተለይቶ ነበርና ሳይነካ ቀረ። የጋናው የኢንተርኔት መስመር ደካማ ስለነበረ ቅጂውን ለመላክ ቀናት ይወስድ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሠራተኞች ደግሞ የብሪታንያ ቪዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ ያኛው ይዞት ለንደን ገባ። የኩባንያው የዚያን ጊዜ የቦርድ ሰብሳቢ ጂም ሃገማን ስናቤ በጃንዋሪ 2018 ዳቮስ ላይ እንደ ተናገሩት፣ በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ተጫነ። ኩባንያው ጉዳቱን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ይህን ታሪክ ያረዘምኩት ስለ መብት የሚያስተምረው ብዙ ስለሆነ ነው። አስተዳዳሪ ሁለት ስም ይኑረው። ደብዳቤ የሚያነብበት፣ ኢንተርኔት የሚያይበት ስም የተራ ሠራተኛ መብት ብቻ ይያዝ። ሙሉ ሥልጣን ያለው ስም ደግሞ ለዚሁ በተለየ ማሽን ላይ ብቻ ይከፈት፤ በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ፕሪንተር ለመግጠም ጨርሶ አይግባ። በየኮምፒውተሩ ላይ ያለው የውስጥ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ለሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱን የሰበረ ሁሉንም ሰብሯል፤ ይህን ለየማሽኑ የተለያየ የሚያደርግ ላፕስ የተባለ መሣሪያ ማይክሮሶፍት ከ2015 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የመብት መዝገቡም ከኔትወርኩ የተለየ መጠባበቂያ ይኑረው። ለእኛ አገር ሰው የመብራት መቋረጥ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ሜርስክን ያዳነው እሱ እንጂ ዕቅድ አልነበረም።

የሄደ ሰው መብትስ? ሳይዘጋ የቀረ መግቢያ ምን እንደሚያደርስ በአንድ ምሳሌ እንይ። በሜይ 2021 ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ግማሽ ያህሉን ነዳጅ የሚያደርሰው የኮሎኒያል ቧንቧ መስመር ለቀናት ተዘጋ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ከውጭ ሆኖ ለመሥራት በሚያገለግል፣ ሊሠራበት በማይገባ አሮጌ መግቢያ በኩል ነው፤ መግቢያው የይለፍ ቃል ብቻ እንጂ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቤዛ ከፈለ። በእኛ አሠራር ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ክፍል ለክፍል ይዞራል። ንብረት ክፍል ወንበሩን፣ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን፣ ሒሳብ ክፍል ቅድመ ክፍያውን ጠይቀው ይፈርማሉ። የመታወቂያ ካርዱም ይመለሳል። በብዙ ቅጾች ላይ ግን «አካውንቱ ታግዷል» የሚል መስመር የለም። የለቀቀው ሰው ወንበሩን አስረክቦ የሰርቨሩን በር ቁልፍ ይዞ ይሄዳል። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን የሚሰርቀው ግን ታማኝ አይደለም።

አንድ ሰው ብቻ ሁሉንም የሚይዝበትም አደጋ አለ። በጁላይ 2008 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደር የኔትወርኩን ዋና የይለፍ ቃሎች የሚያውቀው አንድ መሐንዲስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። መሐንዲሱ ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ቃሎቹን አልሰጥም አለ፤ ታሰረ፤ በመጨረሻ ቃሎቹን የሰጠው እስር ቤት ድረስ ለሄዱት ለከንቲባው ነበር። ስለ መሐንዲሱ ጥፋት ብዙ ተብሏል፤ ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ ብሎታል። እኔ ግን የምወቅሰው ያንን ሁሉ ሥልጣን ለአንድ ሰው ብቻ የተወውን አስተዳደር ጭምር ነው። ያ ሰው ቢታመም ወይም በመኪና አደጋ ቢሞት ከተማው የሚገጥመው ችግር ያው ነበር። መፍትሔው ርካሽ ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት ይዘጋጅ፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ሆኖ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ፖስታው ሲከፈት በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን፤ ከተከፈተ በኋላ ቃሉ ይቀየር።

ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልሁት የሳልትዘርና የሽሮደር ሦስተኛ መርህ፣ ያልተመቸውን ጥበቃ ተጠቃሚው ዞሮ ያልፈዋል የሚለው፣ ይኸውና። በብዙ ሆስፒታልና ቢሮ አምስት ሰው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይሠራል፤ ቃሉ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ በወረቀት ተለጥፏል። ኃላፊዎች ይህን ሲያዩ ሠራተኛውን ይቆጣሉ። እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠይቀው ለአዲስ ሠራተኛ አካውንት ለመክፈት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነው። ዛሬ ማታ ተረኛ የሆነች ነርስ ታካሚ ፊቷ ተኝቶ የራሷ አካውንት ገና በሁለት ሳምንት ይመጣል ከተባለች የባልደረባዋን ስም መዋሷ ግድ ነው። ሥራውን የምታከብር ሰው ናት። ጥፋቱ አካውንቱን ያዘገየው አሠራር ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ የሰርቨሩ የክንውን መዝገብ «ካርዱን የለወጠው ነርስ 3 ነው» ይላል፤ ነርስ 3 ደግሞ አምስት ሰው ነው። አንድ ነገር ሲጠፋ አምስቱም ይጠረጠራሉ፤ ንጹሐኑ ንጽሕናቸውን የሚያስረዱበት መንገድ የላቸውም። ለራስ የሆነ ስም ሠራተኛውን የሚጠብቅ ነገር ነው። ይህን ለሠራተኞቻችሁ በዚህ መልኩ ብትነግሯቸው ብዙዎቹ አካውንታቸውን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ሕጋችንም ይህን ይጠይቀናል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ በላይ መግባትንም ወንጀል አድርጓል። አሁን አስቡት፤ አንድ ሠራተኛ ከተሰጠው ፈቃድ በላይ ሄዷል ብሎ መሥሪያ ቤቱ ሲከስ፣ ዳኛው «የፈቃዱ ወሰን የት ነበር?» ማለታቸው አይቀርም። ወሰኑ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ በሰርቨሩም ላይ ካልተሰመረ፣ ክሱ በምን ይቆማል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢውን የቴክኒክና የአደረጃጀት ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። የታካሚ ካርድ ያለበት ፎልደር ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ክፍት ሆኖ ከተገኘ «የአይቲ ልጁ ነው» የሚለው መልስ ተቋሙን ከኃላፊነት አያድነውም።

እንግዲህ ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ፣ የምለምናችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ባለሙያችሁን ጥሩና በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር በወረቀት አትሞ እንዲያመጣ ጠይቁት፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ዝርዝሩን አብራችሁ አንብቡ። በያንዳንዱ ስም ላይ ይህ ሰው ዛሬ እዚህ ይሠራልን፣ ሥራው ይህን ሥልጣን ይጠይቃልን ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያት ያልተገኘለትን ስም በዚያው ቀን አውጡ። ከዚያ የክሊራንሱን ቅጽ አስመጡና የአካውንት መታገዱን የሚያረጋግጥ አንድ የፊርማ መስመር አስጨምሩበት። ዝርዝሩንም በየሦስት ወሩ እንደገና አስመጡ፤ ባለሙያው ብቻውን እንዳይፈርምበት፣ እናንተም ፈርሙበት።